ባዶዋ የ«ውጤት» ሳጥን

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለንብረት ክፍል ሠራተኝነት መረጠኝ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ዋስም አቅርቤያለሁ። የቀረኝ አንድ ወረቀት ነበር፦ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ። «በሳምንት ውስጥ አምጣ» አሉኝ። ሳምንቱ በዝቶብኝ ነበር። ታስሬ አላውቅም፣ ችሎት ፊት ቆሜ አላውቅም። ወረቀቱ እጄ የገባው ግን በሰባተኛው ሳምንት ነው። ቦታዬን እስከዚያ ያቆዩልኝ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናቸው። አላህ ይስጣቸው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሳያውቀው ስሙ መዝገብ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የወሎ ልጅ ብዙ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ጉዳዩን ስጀምር ጎረቤቴ «ይሄማ አዲስ አበባ ነው፣ አሻራ ሰጥተህ ነው የሚወጣው» አለኝ። ውሸት አልነገረኝም። ለኤምባሲና ለውጭ አገር ሥራ የሚጠየቀው የፌዴራል ፖሊስ አሻራ ወስዶ፣ አጣርቶ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአውቶቡስ ቲኬት ገንዘብ ይዤ ከወጣሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝና ፋብሪካው ደወልኩ። «ከምትኖርበት ከተማ ፖሊስ ይበቃናል፤ እኛ ደብዳቤ እንጽፍልሃለን» አሉኝ። አንድ የስልክ ጥሪ ስንት ቀንና ስንት ብር አዳነኝ። ወረቀቱን የሚጠይቀውን መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከየትኛው ፖሊስ ነው የሚፈልገው? በአሻራ ነው ወይስ በደብዳቤ? ደብዳቤውስ ለማን ይጻፍ?

የፋብሪካውን ደብዳቤ፣ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና የፋይዳ ቁጥሬን ይዤ ሄድኩ። ደሴ ላይ ስሜ የለም። በሁለት ቀን አለቀ። ችግሩ ደሴ የገባሁት በ2008 ዓ.ም መሆኑ ላይ ነው። «ከዚያ በፊት የኖርክበት ወረዳ ያጣራልን» ተባለና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። የወረዳዬን ስም አልጠራም። እዚያ ያሉት ሰዎች በመጨረሻ የረዱኝ ናቸው፣ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም።

ከደሴ መናኸሪያ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። የጦሳ ተራራ ራሱ በጉም ተሸፍኗል። ወረዳው ፖሊስ ጋር ስደርስ አንዲት ሳጅን ከመደርደሪያ ትልቅ ባሕር መዝገብ አወረደች። ጠርዙ ተበልቷል፣ ገጾቹ እርጥበት ጠጥተው አብጠዋል። ዓምዶቹ በእጅ የተሰመሩ ናቸው፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የከሳሽ ስም፣ የተጠርጣሪ ስም፣ የወንጀሉ ዓይነት፣ ውጤት። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ስም በስም እየነካች ወረደች። ኮምፒውተር የለም። የ2008 ዓ.ም፣ የ2007፣ የ2006… የለም። ደስ አለኝ።

«ስምህን በየትኛው ሀ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ።

ሐሰን ነኝ፣ በሐመሩ ሐ። የአባቴ ስም መሐመድ ነው። ሳጅኗ «ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው» ብላ ሀሰንንም፣ ሃሰንንም፣ መሀመድንም፣ ሙሐመድንም እንደ አዲስ መፈለግ ጀመረች። ወሎ ውስጥ እነዚህን ስሞች የያዘ ሰው ስንት እንደሆነ አስቡት። የእኔን ስም እስከ አያት የሚጋራ ሌላ ሰው እንኳ አለ። የካቲት 2005 ዓ.ም ላይ ጣቷ ቆመ። «ሃሰን መሀመድ። የአካል ጉዳት።» ከዚያ ቀጥሎ ያለችው የ«ውጤት» ሳጥን ባዶ ናት።

ክው አልኩ።

ነገሩ ወዲያው ትዝ አለኝ። በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተጣልተን በቡጢ ተቧቅሰን ነበር። አፍንጫውን አደማሁት፤ እሱም ቅንድቤን ከፈተው። ሁለታችንም ፖሊስ ጋር ቃላችንን ሰጥተን በዋስ ወጣን። በሳምንቱ አበጋሮች ገቡ። ለማያውቅ ሰው፣ አበጋር ማለት በእኛ ወሎ ጠብ የሚያበርዱና ደም የሚያደርቁ የተከበሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ፍየል ታረደ። ካሳ ከፈልኩ፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ያ ልጅ ዛሬ ወንድሜ ነው። ሠርጌ ላይ ሚዜ ነበር።

እርቁ እውነተኛ እርቅ ነበር። ፖሊስ ሄዶ «ታርቀናል፣ መዝገቡን ዝጉልን» ያለ ግን አንድም ሰው የለም። እኛም አልሄድንም፣ ሽማግሌዎቹም አልሄዱም። በእኛ ዘንድ ጉዳዩ አልቋል። መዝገቡ ላይ ግን እኔ 12 ዓመት ሙሉ ተጠርጣሪ ነበርኩ።

አንድ ሠራተኛ ለደሴ የሚላከውን መልስ ወዲያው ጻፈልኝ። «በአካል ጉዳት ወንጀል ተከሶ ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ» ይላል። ማኅተም ሊያደርግበት ሲል እጁን ያዝኩት ማለት ይቻላል። አልተከሰስኩም። ክስ የሚመሠርተው ዓቃቤ ሕግ ነው፤ እኔ ላይ ደግሞ ክስ ስለ መመሥረቱ አንድም ወረቀት የለም። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ የተፈረደበት፤ ሦስቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የተከሰሰም ቢሆን ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አስቀምጦታል። ቀጣሪ ግን «ተከሶ» የምትለዋን ቃል ካየ ወረቀቱን ወደ ጎን ነው የሚያደርገው። ሰውዬው ቅር ቢለውም ደብዳቤው እንዲቆይልኝ ተስማማ። ማኅተም ከመመታቱ በፊት እያንዳንዷን ቃል አንብቡ። ከወጣ በኋላ ማስተካከል ሌላ ወር ነው።

ሳጅኗ «አብሽር» አለችኝ። «እኛ ግን በራሳችን አንዘጋውም። ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሂድ።»

እዚያ ለብዙ ቀን ደጅ ጠናሁ። የወረዳው ዓቃቤ ሕግ ቅን ሰው ናቸው፣ ግን «የምርመራ መዝገቡን ሳላይ ምን ልወስን?» አሉኝ። ልክ ናቸው። መዝገቡ ግን የለም። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ አካባቢያችንን ሲያዳርስ ስንት መሥሪያ ቤት እንደተዘረፈና እንደወደመ ያየ ያውቀዋል። የእኔም ማኅደር ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። የተረፈው ባሕር መዝገቡ ብቻ ነው። ጥርጣሬው ተርፎ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ያን ቀን ወደ ደሴ ስመለስ ልቤ ወልቆ ነበር።

አንድ የሠፈር ሰው በገንዘብ «አስጨርስልሃለሁ፣ ንጹሕ ወረቀት አመጣልሃለሁ» አለኝ። እንቢ አልኩ። የሌለብኝን ወንጀል ለማጥራት እውነተኛ ወንጀል ልሥራ? እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት።

ከዚያ በኋላ በቃል መመላለሱን ተውኩና ሁሉንም በጽሑፍ አደረግሁ። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግሁ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በእኔ ኮፒ ላይ አስጻፍኩ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አዋጁን ጠቅሼ ከማንም ጋር አልተጨቃጨቅሁም። ቁጥር ያለው ማመልከቻ ግን «ነገ ና» ብሎ መመለስ ይከብዳል፤ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የሌላን ሰው መዝገብ ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የወንድማችሁም ቢሆን ውክልና ያዙ።

ቀጥዬ የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጋር ሄጄ በስሜ የተከፈተ የወንጀል መዝገብ እንዲፈለግልኝ ጠየቅሁ። በስሜ አጻጻፎች ሁሉ አራት ጊዜ አስፈለግሁ። «የተከፈተ መዝገብ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። አንድ ያልተዘጋ በር በዚህ ተዘጋ።

እዚያ ወረፋ ላይ ያገኘሁት ሰው ጉዳይ ከእኔ ይከብድ ነበር። ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ለእንደሱ ዓይነት ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ነገር አለ። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ቅጣቱን በጨረሰ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ደግሞ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ጠባዩን አሳምሮ ከኖረና ሌሎቹን የሕጉን ሁኔታዎች ካሟላ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ዕድሜ ልኩን ከሥራ የሚሸሽ ሰው መኖሩ ያሳዝነኛል።

ወደ እኔ ልመለስ። ለእናቴ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። «የእርቁ ወረቀት እኮ አለ» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ያን ቀን ከአበጋሮቹ የአንዱ ልጅ በደብተር ቅጠል ላይ ጽፎ ሁላችንንም በጣት አስፈርሞን ነበር። እናቴ ሳጥኗ ሥር፣ ከእድር ደብተሯ ጋር ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አጣጥፋ ሰጠችኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጣት አሻራችን እስካሁን አልደበዘዘም።

ያን ወረቀት ይዤ ወደ ወንድሜ፣ ወደ ድሮው ጠበኛዬ ሄድኩ። ሥራውን ጥሎ ተከተለኝ። ዓርብ ነበርና ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮው ዝግ ነው። ጁምዓ አብረን ሰግደን ተመለስን። (ጉዳይ ያለው ሰው ዓርብን ባይመርጥ ይሻለዋል።) ዓቃቤ ሕጉ ፊት ቆሞ «ከሳሹ እኔ ነኝ፣ ከታረቅን 12 ዓመታችን ነው፣ አቤቱታዬን ትቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ፈረመ። እሳቸውም የእርቁን ወረቀት አገላብጠው አዩ። ከዚያ የወንጀሉን ዓይነት አይተው ሌላ ነገር ነገሩኝ። እንዲህ ያለው ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ሆኖ ቅጣቱም ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት የማይበልጥ ነው። የክሱ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚመሠረትበት የጊዜ ገደብ፣ ደግሞ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊከሰኝ አይችልም ነበር። ይርጋው ግን መዝገቡ ላይ ራሱን አይጽፍም። የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል።

ውሳኔያቸው በአራተኛው ቀን ወጣ። ወደ ፖሊስ ሁለታችንም አብረን ወሰድነው። ሳጅኗ ያንኑ ያበጠ መዝገብ አወረደች፣ የካቲት 2005ን ገለጠች። ባዶዋ ሳጥን ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ «በዓ/ሕግ ውሳኔ ተዘግቷል» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንና የደብዳቤውን ቁጥርም ጨመረች።

መዝገቡን ልትከድን ስትል ወንድሜ «ቆይ እስቲ» አላት። ከእኔ መስመር ቀጥሎ ያለው የእሱ ስም ነው፤ እኔም ያኔ ከስሼዋለሁ። የእሱም ሳጥን ባዶ ነበር። እሱ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌርነት ሊወዳደር አስቧል፣ ይህንኑ ወረቀት ይጠይቁታል። ሰኞ ጠዋት ከሳሽ ሆኜ ልፈርምለት ተቀጣጥረናል።