ከመጨረሻው መርፌ ወዲህ

በወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ በእያንዳንዱ ዓርብ ሥር «መ» የሚል ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ መርፌ ማለቴ ነው። ዛሬ አንድ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት በቀሩት በዚያ ሰኞ ማለዳ፣ ሁለት መስመር ያወጣውን የእርግዝና መመርመሪያ በአንድ እጄ እንደያዝሁ፣ በሌላው እጄ እነዚያን ፊደሎች ወደ ኋላ እየተከተልሁ መቁጠር ጀመርሁ። ከመጨረሻዋ «መ» ወዲህ ያለፉት ሦስት ቀናት ብቻ ነበሩ።

ስወስደው የነበረው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ለክብደት መቀነሻ ዌጎቪ፣ ለስኳር ሕመም ደግሞ ኦዜምፒክ በሚል ስም የሚሸጠው። በሰባት ወር 14 ኪሎ ቀንሼበታለሁ፤ ያን ጊዜም አላማረርሁትም፣ ዛሬም አላማርረውም። የወር አበባዬ መዘግየቱ ያላስደነገጠኝ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ችግር ስላለብኝ ለዓመታት ሁለትና ሦስት ወር እየዘለለ ይመጣ ስለነበር ነው። ማቅለሽለሹንም ቢሆን፣ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የለመድሁት ነገር ስለነበር፣ በመርፌው አሳበብሁት። ክብደት ሲቀንስ ተቋርጦ የነበረው የእንቁላል መውጣት ሊመለስ እንደሚችል የሰማሁት ካረገዝሁ በኋላ ነው። «በቀላሉ አታረግዢም» የተባልሁት እኮ 14ቱ ኪሎዎች አብረውኝ በነበሩበት ዘመን ነበር።

መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ባለሙያ ስለ ወሊድ መከላከያ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ተጣጥፎ ተጣጥፎ የክብሪት ሳጥን የሚያክለውን የማሸጊያውን ወረቀት ዘርግቼ ያነበብሁት ያን ሰኞ ነው። እርግዝና ከመታቀዱ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ መቆም እንዳለበት በግልጽ ይላል። ለምን ሁለት ወር ይሆን ብዬ ስመረምር፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል እንደሚፈጅበት አነበብሁ። በደብተሬ ጥግ ላይ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6፣ 3 ብዬ ጻፍሁ። መርፌውን ባቆምሁበት ቀን፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለማስወጣት ገና አምስት ሳምንት ያህል ሥራ ይቀረው ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የተነሣሁት አልትራሳውንድ እርግዝናው ሰባት ሳምንት እንደሆነው አሳየ፤ እንደ ብልጭታ የሚርገበገበውን የልብ ምትም አየሁ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ደስታዬን ቆረጠው። የፅንሱ አእምሮና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ፣ በሐኪሞች አቆጣጠር በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ሁሉ መርፌውን ስወጋ፣ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳውን ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ደግሞ አንዲት ፍሬ ሳልውጥ ነበርሁ።

ሐኪሟን «ዶክተር፣ ልጄን ጎድቼዋለሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ሊያጽናናኝ የታሰበ አልነበረም፤ ምናልባት ያመንኋቸው ለዚሁ ነው። «እስካሁን ከተከታተልናቸው እናቶች የሚያስፈራ ነገር አልታየም። ጉዳት የለውም ብዬ ግን አልፈርምልሽም» አሉኝ። ከዚያም ምን ያህል እበላ እንደነበር ጠየቁኝ። ቀን ሙሉ በአንድ ማዕድ የማሳልፍባቸው ሳምንታት እንደነበሩ ስነግራቸው፣ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ፤ ስለ መርፌው ስነግራቸው ግን አላስቀመጡትም ነበር።

የተባለውን ሁሉ ለራሴ ካላነበብሁ የማላርፍ ሰው ነኝና ሌሊቱን ስገላብጥ አደርሁ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሴማግሉታይድ የተሰጣቸው ነፍሰ ጡር አይጦች ፅንስ ሞቶባቸዋል፣ የአካል ጉድለትም ታይቷል፤ በጥንቸሎችና በጦጣዎች ደግሞ ፅንሶች ገና በጅምሩ ጠፍተዋል። ሆኖም እናቶቹ እንስሳት ክብደታቸው አብሮ ወርዶ ስለነበር፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን የረሃቡ ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው። የሐኪሟ እስክሪብቶ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

በሰው ላይ ያለው መረጃ በአብዛኛው እንደኔ ሳያውቁ ካረገዙ ሴቶች የተሰበሰበ ነው፤ ነፍሰ ጡሮችን በመድኃኒት ሙከራ ማን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የወሰዱ 168 እርግዝናዎችን ተከታትሎ፣ ከባድ የአካል ጉድለት የታየው በ2.6 ፐርሰንቱ መሆኑን ዘግቧል፤ መድኃኒቱን ባልወሰዱ ከመጠን በላይ ውፍረት ባለባቸው እናቶች ዘንድ 3.9 ፐርሰንት ነበር። ቁጥሩን ሳየው ተነፈስሁ። ጥቂት ቆይቼ ግን፣ ከሺህ አንዴ የሚያጋጥም ጉዳት ቢኖር በ168 ሰው መካከል ጨርሶ ላይታይ እንደሚችል ገባኝና እንቅልፌ ተመልሶ ሄደ።

ሁሉም የክብደት መቀነሻ አንድ አይደለም። ፌንተርሚንና ቶፒራሜት ተደባልቀው የሚሰጡበትን ክኒን ወስጄ ቢሆን ኖሮ የሐኪሟ ንግግር ሌላ ይሆን ነበር፤ ቶፒራሜት የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅን እንደሚያበዛ ስለሚታወቅ፣ ሴቶች ከመጀመራቸው በፊትና ከዚያም በየወሩ የእርግዝና ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። የስኳር ሕመም ኖሮብኝ ቢሆንም እንዲሁ፤ ያለ ሌላ መድኃኒት በድንገት ማቆም የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ ፅንሱን ራሱ ሊጎዳ ይችላል።

ለታናሽ እህቴ የደወልሁላት በማግስቱ ነው። እርሷ የምትወስደው ቲርዜፓታይድ የሚባለውን ሌላ የክብደት መቀነሻ መርፌ ነው፤ የወሊድ መከላከያ ክኒንም ትውጣለች። ቲርዜፓታይድ ጨጓራ ምግብን የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ የክኒኑን ኃይል ሊቀንስ እንደሚችል፣ በጀመረች ጊዜና መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ለአራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር እንዳለባት ነገርኋት። «እኔ እኮ ክኒኔን አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቅር እንዳላት ያሳብቃል። «አውቃለሁ፤ ነገሩ ያንቺ ጥንቃቄ ማነስ አይደለም» አልኋት። ዝም ተባባልን። ቀጥላም መጠኑን የጨመሩላት ባለፈው ሳምንት መሆኑን ነገረችኝ።

ረሃቡ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሷል፤ እንግዳ ስሜት ነው። ከእርግዝና በፊት ወይም በመጀመሪያው ላይ መርፌውን ያቆሙ ሴቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ከሌሎቹ በአማካይ ሦስት ኪሎ ያህል አብልጠው እንደሚጨምሩ አንብቤያለሁ። ልቤ ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ መሆኑ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ይህ የግል ማስታወሻዬ ነውና እውነቱን እጽፋለሁ። ፎሊክ አሲዴን በየማለዳው እውጣለሁ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እበላለሁ፣ ሚዛኑን ለሐኪሟ ትቼላቸዋለሁ። በሃያኛው ሳምንት የፅንሱ አካል አንድ በአንድ የሚታይበት አልትራሳውንድ ቀጠሮ አለኝ።

ዛሬ ከመርፌው ወዲህ አራተኛው ዓርብ ነው። በቀን መቁጠሪያው ላይ «መ» ትጻፍበት በነበረው ቦታ፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «6» ብዬ ጻፍሁ። ከበላዩ 12.5፣ 25 እና 50 ተደርድረዋል።