በካርዱ ስም፣ ስህተትም ቢሆን

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ቢሊንግ፣ ማለትም የሕክምና ሂሳብ ለኢንሹራንስ መላክ፣ እሠራለሁ። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። ሥራውን ስረከብ ኢንሹራንስ አልከፍልም ያለው ሂሳብ ተከምሮ ስለነበር መጀመሪያ በመልስ ኮዱ ለየሁት። ኮድ 31 «ይህን ሰው አባላችን መሆኑን መለየት አልቻልንም» ማለት ነው፤ 140 ደግሞ «ቁጥሩና ስሙ አይገጥሙም»። ሕክምናው እንከን አልነበረውም። ነገሩ የተበላሸው ቢሊንግ ሳይደርስ፣ ሪሴፕሽን ላይ ነው።

የእኛ ስም ለአሜሪካ ፎርም አይመችም። «ላስት ኔም» የሚለው ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ገብረ ማርያም ተነጥሎ ከተጻፈ ማርያም ብቻዋን የቤተሰብ ስም ሆና ቁጭ ትላለች። ስለዚህ ታካሚው የነገረንን ትተን የኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ጀመርን። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ እኮ የኔ ስም አይደለም» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ያለ ስም የሚታረመው ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ስለሆነ፣ እስከዚያው ሂሳቡ የሚሄደው በተሳሳተው ስም ነው።

የልደት ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 1940 የሚሉን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ካርዱ 1948 ይላል። ስንቱ ሰው ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 እንደተወለደ መቼም ታውቃላችሁ። ስማቸውም ልደታቸውም አንድ የሆነ ሰዎች ስለሚገጥሙን ለማመሳከሪያ ስልክና አድራሻ መጠየቅም ጨመርን። «ሚስተር ከበደ?» ብሎ መጥራት ብቻውንም አይበቃም፤ እንግሊዝኛው ያልገባው ሰው ለሁሉም «የስ» ይላል። ስሙን ራሱ እንዲነግረን እንጠይቃለን።

የሜዲኬር ቁጥር ፊደልና አኃዝ ተቀላቅሎ 11 ነው። ኤስ፣ ኤል፣ ኦ፣ አይ፣ ቢ እና ዜድ አይገቡበትም፤ ኦ የመሰለው ሁሉ ዜሮ ነው። ይህን ጽፌ ሪሴፕሽኑ ኮምፒዩተር ላይ ለጠፍኩት። ከሁሉ የጠቀመን ግን ከቀጠሮው በፊት የኢንሹራንስ ሽፋኑን በሲስተም ማጣራት ነው፤ ስሙ ካልገጠመ ታካሚው ሳይመጣ እናውቃለን፣ ደውለንም «ካርድዎን ይዘው ይምጡ» እንላለን።

አሁንም የሚያመልጠን አለ። ሜዲኬር ሂሳቡን ለመላክ ከሕክምናው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ይሰጣል፤ ከግል ኢንሹራንሶች ግን 90 ቀን ብቻ የሚሰጡ አሉ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የእነሱን ነው።