ሐኪሙ የጻፈው 14 ቀን

«የተቆረጥከው ጉሮሮህን ነው፤ እጅህን አይደለም» ያለኝ የስምሪት ክፍላችን አለቃ ነው። ከቶንሲል ኦፕራሲዮን በኋላ የተጻፈልኝን የሕመም ፈቃድ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ነው የተናገረው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን አልወጣልኝም።

አዳማ ላይ በጭነት ማመላለሻ ድርጅት ስምሪት መሥራት ማለት ሲያወሩ መዋል ነው። ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ የተሰለፈውን ሾፌር፣ ሚሌ ኬላ ላይ ወረቀት የጎደለበትን፣ መተሐራ ጎማ የፈነዳበትን ሁሉ በስልክ ይዘህ ትውላለህ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ መጮህ አለ። እኔ በዚህ ላይ ቶንሲሌ እያበጠ፣ ትኩሳት እየጣለኝ ዓመታት ገፍቻለሁ። በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪሙ መዝገቤን አገላብጦ ይውጣ አለ። መለኪያ አላቸው፤ በ1 ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም 2 ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም 3 ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 3 ጊዜ ለታመመ ሰው ማስወጣቱ ይታሰባል። እኔ መለኪያውን አልፌው ነበር።

ኦፕራሲዮኑስ ደህና ነው፤ ተኝተህ ትነሣለህ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች ቶሎ ያገግማሉ፣ አዋቂ ላይ ግን ይበረታል። ምራቅ መዋጥ እሾህ እንደ መዋጥ ሆነብኝ። ጭራሽ ያላሰብኩት ደግሞ የጆሮዬ ውጋት ነው፤ የጉሮሮንም የጆሮንም ስሜት የሚያደርስ አንድ ነርቭ ስላለ፣ ቁስሉ ጉሮሮ ላይ ሆኖ ሕመሙ ጆሮ ውስጥ ይሰማል። ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሽፋን ያወጣል፣ አፍም ይሸታል። ታላቅ እህቴ በስልክ መብራት አይታ «መግል ይዟል!» ብላ አሞክሳሲሊን ልትገዛ ብድግ ስትል፣ እጇን ይዤ ከሆስፒታል የተሰጠኝን ወረቀት አስነበብኳት፤ ነጩ ነገር የቁስሉ መሻሪያ እንጂ መግል አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት ሰዓት እየሞላች እየቀሰቀሰች ፓራሲታሞልና ውኃ ታጠጣኝ ነበር። በአዳማ ሙቀት አፍ ከፍቶ ያደረ ሰው ጠዋት ጉሮሮው ደርቆ አላስውጥ ይለዋልና። ምግቤ ቀዝቃዛ አጥሚት፣ እርጎና ጀላቲ ነው፤ በርበሬ የነካው ነገር አጠገቤ አልደረሰም።

ሕመሙ ጋብ ማለት ሲጀምር አለቃዬ ደወለ። እህቴ አነሣችለት። በቴሌግራም የተላከው ፎቶ አይበቃም፣ ዋናውን ወረቀት ራሱ ይዞ ይምጣ አለ። ሄድኩ።

ወረቀቱ 14 ቀን ይላል። አነበበውና «የእኔ ልጅ ይህንኑ ተደርጎ በሳምንቱ ኳስ ይጫወት ነበር» አለ። ስልኬ ላይ «ልጅና አዋቂ አንድ አይደለም፣ የወሰነው ሐኪሙ ነው» ብዬ ጽፌ ዘረጋሁለት። ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት ነው ያን የእጅና የጉሮሮ ነገር የተናገረኝ። ቀጥሎም «ቁጭ በልና መዝገቡን ያዝ፤ ስልኩን ሌላ ሰው ያነሣል» አለ። ሌላ ሰው አልነበረም። የስልኩ ተረኛ የነበረችውን ልጅ ባንክ የላካት እሱ ራሱ ነው።

ስልኩ ጮኸ፤ የሚያነሣው ጠፋ። አነሣሁት። ከአዋሽ የሚደውል አንጋፋ ሾፌር ነው። ትንፋሼን ሰምቶ አወቀኝ።

«አንተ ነህ እንዴ? እንዳትናገር! እኔ ልጠይቅህ፤ አዎ ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ አንኳኳልኝ።»

እስክሪብቶ አነሣሁ።

«የምራገፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው?» አንዴ።

«ዛሬ ማታ ብደርስ ይቀበሉኛል?» ሁለቴ።

«እንግዲያው አዳማ አድራለሁ። እግዜር ይማርህ ልጄ። ለመሆኑ በዚህ ሁኔታህ እዚያ ያስቀመጠህ ማን ነው?»

በእስክሪብቶ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ርኅራኄ በስልክ ሰምቼ አላውቅም። አለቃዬ ከሁለት ሜትር ርቀት ያላየውን ሰውዬው አዋሽ ሆኖ አየው።

ብዙም ሳይቆይ አፌን ብረት ብረት አለኝ። መታጠቢያው ላይ ስተፋ ደም ነው፣ ደማቅ ቀይ። ዘበኛው ባጃጅ አስቁሞ፣ ራሱ አብሮኝ ተሳፍሮ ሆስፒታል አደረሰኝ። በበረዶ ውኃ አጉመጠመጡኝ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ሲጠብቁኝ አደሩ። ደሙ ቆመልኝ፤ ካልቆመ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ነበር።

ሐኪሙ ያን ሌሊት አስረዳኝ። ነጩ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይረግፋል፤ ሲረግፍ ከሥሩ ያለው ደም ሥር ሊከፈት ይችላል። 14 ቀን የሚጻፈው ለሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ሰው ተሻለኝ ብሎ በሚነሣበት በዚያው ሰሞን መድማት ስለሚመጣ ጭምር ነው። ደም የታየ እንደሆነ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሥራ ቦታ መቀመጤ ነው ወይ ያደማኝ ብዬ ጽፌ ጠየቅኩት። ቤትህም ብትሆን ሊደማ ይችል ነበር አለኝ።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ «አየህ፣ በእኔ አይደለም» አለ። በእሱ ነው አላልኩም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ «ቤትህ፣ ሰው አጠገብ ሁን» ብሎ የጻፈልኝን፣ ጉሮሮዬን አይቶት የማያውቅ ሰው በአንድ ቃል ሻረው። ደሙ ሌሊት ቤት ቢመጣ እህቴ ነቅታ ነበረች፤ ቢሮ ውስጥ ግን ዘበኛው ባያየኝ ማን ያየኝ ነበር?

በወሩ መጨረሻ ደግሞ ደመወዜ ጎድሎ ጠበቀኝ፤ ያለ ፈቃድ ቀርቷል ተብዬ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በግልጽ አስቀምጦታል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ገጹን አሳትሜ ከሐኪሙ ወረቀት ቅጂ ጋር ሒሳብ ክፍል አስገባሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቆማ አነበበችው፣ ማኅተም መታችበት፣ አንዱን ቅጂ ለእኔ መለሰችልኝ። ገንዘቡ በቀጣዩ ደመወዝ ገባ። አለቃዬ ግን ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም።