ከቱሉ ዲምቱ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ጭቃው ገና አልደረቀም። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ሲሄድ ሲመጣ ነው። ዶሮው ግን ደርሷል። ጠዋት በራችንን ያንኳኩት ልጃገረዶች ብሉቱዝ ስፒከር ይዘው ነው የመጡት። አበባየሆሽ ሲሉ ከበሮው ከስፒከሩ ይመታል። ከየት አመጣችሁት ብላቸው «ዩቲዩብ ላይ አለ» አሉኝ። ዝርዝር ብር ስፈልግ አንዷ ፈጠን ብላ «በቴሌብርም ይቻላል» አለች። ስቄ ሳልጨርስ የላይኛው ፎቅ ደርሰዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ወዲያው ወርጄ የምነግራቸው ሰው ነበሩኝ። ሁለተኛ ፎቅ ይኖሩ ነበር። በግንቦት አረፉ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጃቸው አትወድም። ብሎኩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ፒያሳ ለረጅም ዓመት ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ፤ ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሲቀዳ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ። ጋሼ ግን ዝርዝሩን እንደወረደ አይቀዱም። የማይወዱት ዘፈን ካለ ይዘሉትና የራሳቸውን ምርጫ ይከቱበታል። ደንበኛ ሲቆጣ «ሰምተኸው ና፤ ካልወደድከው ብርህን እመልሳለሁ» ይሉታል። ብሩን ሊጠይቅ የተመለሰ የለም ብለው ይምሉ ነበር። (እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ።) ካሴት ሲቀር ወደ ሲዲ ዞሩ። ሲዲ ሲቀር ፍላሽና ሚሞሪ መሙላት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ሲያወርድ ሱቁን ዘግተው ወደዚህ መጡ።

እና ማይክል ጃክሰን። ጋሼን ያወቀ ሁሉ ማይክልን ሳይወድ በግዱ ያውቃል። ሊዮኔል ሪቺና ማይክል ለረሃብ እርዳታ የጻፉት «ዊ አር ዘ ወርልድ» ጥር 20 ቀን 1977 ሲቀዳ እኛ አገር ምን ላይ እንደነበርን ለእናንተ አልነግርም። ጋሼ ያኔ ወጣት ነበሩ። «ለእኛ የዘፈነ ሰው ነው» ከሚለው አቋማቸው ንቅንቅ ያደረጋቸው የለም። 2001ን «ክፉ ዓመት» ነበር የሚሉት። ጥላሁን ገሠሠ በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 አረፈ። ሰኔ 18 ደግሞ ማይክል። «አንዱን ሥላሴ ድረስ ሸኘሁት፣ ሌላውን በቴሌቪዥን» ይሉ ነበር።

ከማይክል ሞት በኋላ ስላልወጡ ሥራዎቹ የሚወራውን ሁሉ ይከታተሉ ነበር። በታኅሣሥ 2003 «ማይክል» የተባለው አልበም ሲወጣ መጀመሪያ ከሰሙት አንዱ ነኝ ይሉ ነበር። ሦስት ዘፈኖች ላይ ሲደርሱ ማጫወቻውን አቆሙ። «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ትንፋሽ አወሳሰዱ ነው አሉ፤ ማይክል ቃል ሊጀምር ሲል የሚያሰማት ነገር አለች፣ እሷ የለችም። ያን ጊዜ ሰው ሳቀባቸው። እነዚያ ሦስት ዘፈኖች ግን በዓለም ዙሪያ አድናቂዎችን አነታረኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት የካሊፎርኒያ አድናቂ ድምፁ የእሱ አይደለም ብላ ሶኒንና የማይክልን ውርስ አስተዳዳሪዎች ፍርድ ቤት አቆመች። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሦስቱም ዘፈኖች ከሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ተነሱ። ኩባንያው ያነሳኋቸው ንትርኩን ለመዝጋት ነው እንጂ ስለ ድምፁ ማንነት ያልኩት የለም አለ። ክሱም በስምምነት ተዘጋ። ዜናውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ቢራው በእሳቸው ነበር።

በ2017 ደግሞ ሙዚቃው በሐዘን ነው የጀመረው። ጥቅምት 24 የማይክልን «ትሪለር» ፕሮዲውስ ያደረገው ኩዊንሲ ጆንስ አረፈ። በታኅሣሥ ሌላ ወሬ መጣ። አንድ የቀድሞ የካሊፎርኒያ ፖሊስ የተረሳ የዕቃ መጋዘን ሲፈትሽ 12 ያልወጡ የማይክል ቅጂዎች ያሉባቸው ካሴቶች አገኘሁ አለ። ከ«ዴንጀረስ» አልበም በፊት የተቀዱ ናቸው ተባለ። የውርሱ አስተዳዳሪዎች መልስ አጭር ነበር። ዋናዎቹ ቅጂዎች እኛ ጋ ናቸው፤ ካሴቱን መያዝ ደግሞ ዘፈኑን የማሳተም መብት አይሰጥም።

ይህን ሁሉ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ያኔ በሽታው ጠንቶባቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ፖሊሱ ግን ሰምቶታል?» አሉኝ።

«ሰምቶታል» አልኳቸው።

«አይ እድል!» ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እኛ ጋ ቢሆን እስካሁን በሚሞሪ ይሸጥ ነበር። እኔም ከሻጮቹ አንዱ እሆን ነበር» ብለው ሳቁ። ሳሉ እስኪያፍናቸው ድረስ።

እኚህ ሰውዬ ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ ወደ እኛ ብሎክ የመጣው። አርባቸው ካለፈ በኋላ ልጃቸው አልጋ ሥር የነበሩትን ካርቶኖች ከፈተች። ብዙው የሚጠበቅ ነው። በመሃል ግን ጀርባው ላይ በእሳቸው እጅ «አይነካ» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት አገኘች። ከላይ ያሉት ሁለቱ ጥርሶቹ ተሰብረዋል፤ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። ልጅቷ አራት ቁጥር ቤት የሚኖረው ወንድሜ ጋ ወሰደችው። እሱ የቀለጠውን የማጫወቻ ላስቲክ ቀይሮ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠርጎ ሰጣት። ቤቷን ዘግታ ሰማችው። ጋሼ ናቸው፤ በጊታር እየዘፈኑ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዘፈን ሲቀዱ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸውንም ቀድተው ኖሯል። ለማንም ሳይናገሩ!

ወሬው በሰዓታት ብሎኩን ዞረ። ወጣቶቹ ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው አሉ። አንዱ ጎበዝ ልጅ በኤአይ ድምፁን አጽድቼ፣ ቤዝና ድራም ጨምሬበት አዲስ አደርገዋለሁ አለ። ክፋት የለውም፤ ሰውዬውን ይወዳቸው ነበር። ልጅቷ ግን «አባዬ ቢፈልግ ራሱ ያሰማችሁ ነበር። ጎረቤቱ ናችሁ እኮ» አለቻቸው። ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ካሴቱን እስካሁን አልሰማሁትም። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ልቤ ቁርጥ እስኪል ነው መስማት የምፈልገው። ዛሬ ጠዋት ለእንኳን አደረሰሽ ስወርድ እንኳ ዓይኔ ቁምሳጥኑ ላይ ነበር። ግን የእኔ ጉጉት የእኔ ጉዳይ ነው። ሕጉም ቢሆን ከእሷ ጋር ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሟች ልጅ እምቢ ስትል አድናቂ ነኝ ብሎ መከራከር ደስ አይልም።

አድናቂን መውቀሴ ግን አይደለም። እኔም አንዱ ነኝ። በየዓመቱ ነሐሴ 12 ሲደርስ ኢዮብ መኮንንን የምትለጥፉ ጓደኞቼ፣ እናንተን አያለሁ። በ2005 ናይሮቢ ላይ ያረፈው ልጅ በሕይወት እያለ የሰጠን አንድ አልበም ነበር፤ «እንደ ቃል»። ሁለተኛው «እሮጣለሁ» ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ታክሲ ውስጥ አልቅሻለሁ። ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ኢዮብ ያን አልበም ለእኛ ብሎ ሲሠራው ነበር፤ ሞት ቀደመው እንጂ። የጋሼ ካሴት ላይ ግን «አይነካ» ተጽፏል። ማይክል የትኛውን ለእኛ ብሎ፣ የትኛውን ለመሞከር ብቻ እንደቀዳው ደግሞ ከሞተ በኋላ እየገመቱ የሚሸጡለት ሰዎች ናቸው ያሉት። ይውጣ ከተባለም እንዳለ ይውጣ። ካላለቀ አላለቀም ይባል። ማንም ሌላ ሰው ጣልቃ ከገባበት ስሙ ይጻፍ።

እናም ምኞቴ ዘንድሮ ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ነው። በማሽን የሟቾችን ድምፅ እያስመሰላችሁ «አዲስ የጥላሁን ዘፈን» ብላችሁ ለምትለቁ ልጆች፣ አዲሱ ዓመት የራሳችሁን ድምፅ ያሰማችሁ። በየስቱዲዮው መሳቢያ የሟች ሥራ ለያዛችሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ቡና የምትጠጡበት ዓመት ይሁን። በሕይወት ላላችሁ ዘፋኞች፣ ሥራችሁን ስትጨርሱ ልቀቁልን፤ ካልጨረሳችሁም የት እንደሚደርስ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ምስጋናዬ ደግሞ ለእነዚህ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋሼን ሆስፒታል ለማድረስ መኪናውን ሳይጠየቅ ላስነሳው የራይድ ሹፌር ጎረቤታችን። ውሃ በጠፋበት ሰሞን ለለቅሶው ጀሪካን ስታመላልሺ ለከረምሽው ምድር ቤት ላለሽው እህቴ፤ ወገብሽ እንዴት ሆነ? ድንኳኑን በዝናብ ለተከሉት የዕድር ልጆች። ላስቲክ ከየት እንደተገኘ እስካሁን ላልነገረኝ ባለ አራት ቁጥር ወንድሜ። ዛሬ ያለ አባቷ የመጀመሪያውን እንቁጣጣሽ ለዋለችውና እንደ እሳቸው ድፎዋን ቆርሳ ለብሎኩ ለላከችው ልጃቸው።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፣ ለእሱም የእናንተን እርዳታ እፈልጋለሁ። በካርቶኖቹ ውስጥ ደንበኞች አምጥተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ካሴቶች አሉ። ሰርግ የተቀዳባቸው አሉ። ከዓረብ አገር ለእናት የተላኩ የድምፅ ደብዳቤዎች አሉ። ጋሼ ሱቁን ሲዘጉ እንኳ አልጣሏቸውም። ልጃቸው ባለቤቶቹን ማግኘት ትፈልጋለች፣ እኛም አናዳምጣቸውም። በካሴት ዘመን ፒያሳ ለማስገልበጥ ትታችሁት ሳትመለሱ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ወይም እናታችሁ «አንድ ካሴት ነበረኝ» እያለች የምታነሳ ከሆነ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ስም ወይም ቀን ብትነግሩኝ ይበቃል። ማጫወቻ ከሌላችሁ የእኛው አለ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ።