ካምቢዮው ደኅና ነበር

ቫኑ ወደ ጋራዡ የገባው በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ነበር። ዕድሜው ከ20 ዓመት ያለፈ የናፍጣ ቫን ነው፤ ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፣ ማርሹንም በኮምፒውተር ትእዛዝ ይቀይራል። ባለቤቱ ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደሩ፣ ጠና ያሉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከመኪናው ወርደው በሩን በቀስታ ዘጉና፦

«ጠዋትና ማታ እንዲህ ያደርገኛል፤ ቀን ቀን ደኅና ነው» አሉኝ። «50 ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ ይወጣል። ሦስተኛው አይገባም። አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሣው አንዳንድ ጊዜ ይስተካከላል።»

የሥራ ካርዱን ሞላሁና መመርመሪያውን ለማምጣት ሄድኩ።

እንዲህ ያለው ካምቢዮ የራሱ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለው። ሳጥኑ በካምቢዮው ውስጥ ካሉት የዙር ሴንሰሮች የሚደርሰውን ምልክት ከሞተሩ ዙርና ከመኪናው ፍጥነት ጋር እያመሳከረ ማርሽ ይመርጣል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ጉዳት እንዳይደርስ ትእዛዙን ያቋርጣል፤ መኪናውም በአንድ ማርሽ ብቻ ይሄዳል። ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ አይለቅም። ሳጥኑ ቁጥሮቹ እንዳልተስማሙ ያውቃል፤ ለምን እንዳልተስማሙ ግን አያውቅም። ይህን ልዩነት በቃል አውቀው ነበር። በእጄ ያወቅሁት ግን ከዚህ ቫን በኋላ ነው።

መመርመሪያው ሦስት ኮድ አወጣ። አንዱ የዙር ሴንሰሩ ምልክት ትክክል አይደለም ይላል፤ ሁለተኛው የማርሽ ምጣኔው አይገጥምም ይላል፤ ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ዝቅ ማለቱን ይናገራል። ሁለቱ ስለ ካምቢዮው ናቸው። ሦስተኛውን ያረጀ መኪና ሁሉ የሚያሳየው ነው ብዬ አለፍኩት። ከእኛ በፊት ያየው ጋራዥ የካምቢዮውን ዘይትና ማጣሪያ፣ ሴንሰሮቹ ያሉበትን ሰሌዳ፣ ባትሪውንም ጭምር ቀይሯል። ሴንሰሩ አዲስ ከሆነ፣ ዘይቱም አዲስ ከሆነ፣ የቀረው የካምቢዮው ውስጥ ነው አልኩ። ጠዋት ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፤ ያረጀ ቫልቭ በወፍራም ዘይት ውስጥ ይጣበቃል፤ ሲሞቅ ይለቃል። ሐሳቡ እንከን አልነበረውም። ዛሬም ሌላ መኪና ላይ ቢሆን ትክክል ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪኩን ጨርሶ አልተውኩትም። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ተነሥቶ 14.2 ቮልት አሳየ፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ከካምቢዮው ወደ ቻሲስ (ወደ መኪናው አካል ብረት) የሚሄደውን የማሳ ገመድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ እንቅፋቱን በኦም ለካሁት፤ 0.3 አለ። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም የሚያሳየው ያንኑ 0.3 ነው። ስለዚህ ገመዱ ምንም እንቅፋት የለውም ብዬ ደመደምኩ። ይህን ሁሉ የለካሁት በቀን፣ መብራቱም ፋኑም ጠፍተው ሳሉ ነበር።

ካምቢዮው መቀየር አለበት ብዬ ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ቀላል ወጪ አይደለም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ሁለት ቀን አስበው ተስማሙ፣ ያገለገለ ግን ጥሩ የሆነ ካምቢዮ ተገኘ።

የድሮውን ሳወርድ አንድ ነገር አይቼ ነበር። የማርሽ መምረጫው ገመድ የፕላስቲክ ሽፋኑ በአንድ በኩል ቀልጦ እንደ ሻማ ተንጠባጥቧል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ነው ብዬ አሰብኩ። ጭስ ማውጫው ግን በሌላው ጎን ነው የሚያልፈው። እጄን የቀለጠው ቦታ ላይ አድርጌ ለአፍታ ቆሜ እንደነበር አሁንም ትዝ ይለኛል። ከዚያ አልፈታ ወዳለኝ የካምቢዮ ቡሎን ተመለስኩ፤ ሥራው ብዙ ነበርና።

አዲሱ ካምቢዮ ገባ። ቫኑ በአምስቱም ማርሾች ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት በብርድ አስነሣሁት፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ፈጥኖ ዞረ፣ ማርሾቹ በየተራቸው ገቡ። እኔም ለባለቤቱ «አዩ? ካምቢዮው ነበር» አልኳቸው።

በ16ኛው ቀን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ተመለሰ።

የዚያን ቀን የሆነብኝን ስሜት ለመግለጽ አልሞክርም። ባለቤቱ አልተቆጡም፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

የጋራዡ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮዶቹን፣ የለካሁትን፣ የቀየርኩትን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ገመዱን ስትለካው ይሠራ ነበር?»

«ማለት?»

«ኤሌክትሪክ እያለፈበት ነበር ወይስ ተኝቶ?»

ተኝቶ ነበር።

ጋሼ ባለ መርፌ አሮጌ መለኪያቸውን አወጡ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ በኬብሉ መያዣ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ ያዙ። ሌላውን ሞተሩ ላይ ዘይትና ቀለም የሌለበት ባዶ ብረት ፈልገው ነኩ። መለኪያው ቮልት ላይ ነው። ሁለቱም ነጥቦች ነጌቲቭ ናቸው፤ በመካከላቸው ምንም ልዩነት መኖር የለበትም፤ ሞተሪኖው ሲዞር እንኳ ልዩነቱ ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት ባያልፍ ነው የሚመረጠው። «አስነሣ» አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው በዝግታ ዞረ።

«ና እየው። 3.4።»

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የፊት መብራቱን፣ የማሞቂያውን ፋን፣ የኋላ መስታወቱን ማሞቂያ በሙሉ አበራን። መርፌው ወደ 1.1 ሄደ፤ ግን አልቆመም። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይዘላል፤ አንዴ ወደ ግማሽ ቮልት ይወርዳል፣ አንዴ ወደ ሁለት ይጠጋል። ያን መርፌ ሳይ ኮዶቹ ከየት እንደመጡ ገባኝ። በዚህ ቫን ላይ ከሞተሩና ከካምቢዮው በኩል ያሉት ክፍሎች መመለሻቸውን የሚያገኙት ከሞተሩ አካል ነው፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ግን ከቻሲስ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዜሮ ሊኖራቸው ሲገባ የአንዱ ዜሮ ለሌላው እየዘለለ የሚሄድ ቁጥር ሆነበት። ሴንሰሩ እውነት ይናገራል፤ ሳጥኑ የሚሰማው ግን የተንሻፈፈ ነው።

ጋሼ ቀጥለው አንድ ወፍራም የጃምፐር ኬብል አመጡ። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከባትሪው ነጌቲቭ አያያዙት። መርፌው ዜሮ አጠገብ ወድቆ እዚያው ቀረ። ሞተሩን አጥፍተን ስናስነሣው ሞተሪኖው ከእንቅልፉ የነቃ ይመስል ዞረ። ለዚህ ሁሉ አንድ መለኪያና አንድ ኬብል፣ ከአሥር ደቂቃ ያነሰ ጊዜ በቂ ነበር።

ስለ ኦሙ ነገር ጋሼ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ ወረቀቱን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ሞተሪኖው ወደ 200 አምፔር ይስባል እንበል። ገመዱ ላይ ያለው እንቅፋት 0.017 ኦም ብቻ ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 3.4 ቮልት ይሆናል። የእኔ መለኪያ የገዛ ሽቦው ብቻ 0.3 ኦም አለው። በዚያ መሣሪያ 0.017ን መፈለግ የአሸዋ ቅንጣት በድንጋይ መመዘኛ እንደመመዘን ነው። ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ገመድ ጤናው የሚታወቀው ትልቅ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ያውም በቮልት ሲለካ ነው።

ገመዱን ፈታነው። ከተጎነጎነ መዳብ የተሠራ ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ መሐሉ ጥሩ ይመስላል። ጫፉ ላይ ያለውን ቀለበት ስይዘው ግን በጣቴ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። ወደ ቀለበቱ ከሚገቡት የመዳብ ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በቻሲስ በኩል ደግሞ ቀለበቱ የሚያርፍበት ብረት ዝጓል። መንገዱ ሲጠብበት ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ፈልጎ በማርሽ መምረጫው ገመድ በኩል አለፈ። ያ ቀጭን ብረት እንዲህ ያለ ጭነት አይችልምና ጋለ፣ ሽፋኑም ቀለጠ። ያየሁት ነገር ነበር። እጄን አድርጌበታለሁ።

ታዲያ ካምቢዮው ሲቀየር ለምን 16 ቀን ደኅና ሆነ? ካምቢዮ ለማውረድ ያን ገመድ መፍታት ግድ ነው። ፈትቼ መልሼ ሳጠብቀው የተበጠሱት ክሮች ተጨፍልቀው እንደገና ተነካኩ፣ ዝገቱም ተፋቀ። ያስተካከልኩት ሳላውቀው ገመዱን ነበር፤ ምስጋናውን ግን ለካምቢዮው ሰጠሁ። ስለዚህ ሥራ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተሳሳተ ጥገና ወዲያው ቢከሽፍ ኖሮ ወዲያው እመለስ ነበር። ለጊዜው ሠርቶ ማሳየቱ ግን ስህተቴን እንደ እውቀት አድርጌ ለሰው እንድናገር አደረገኝ።

ጥገናው አጭር ነው። ሁለቱንም ማረፊያ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅን፣ አዲስ ወፍራም ገመድ አሰርን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አደረግን፤ ከጠበቀ በኋላ ላዩን ውሃ እንዳይገባው ግራሶ ቀባነው። ከሞተሩ ወደ ቻሲስ ሁለተኛ ገመድም ጨመርን። የቀለጠውን የማርሽ መምረጫ ገመድ ቀየርን። ሁሉንም መብራት አብርተን ስንለካ 0.05 ቮልት ሆነ።

ከዚያ ባለቤቱን ማናገር ነበረብኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የተቆረጠውንም ገመድ በእጃቸው ሰጠኋቸው። የእጅ ዋጋውን መለስንላቸው። የድሮው ካምቢዮ ዘይቱ ፈስሶ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የእኔስ ካምቢዮ?» አሉኝ።

«ደኅና ነው። መጀመሪያም ደኅና ነበር።»

ገመዱን አገላብጠው አዩት። አረንጓዴው ዱቄት መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«ማታም ያደርገኛል ብዬህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ማታ መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሞቆ ነው የሚገባው።»

ማታ መብራት ይበራል። ጠዋት መብራትም ፋንም ይበራል። ቀን ሁሉም ይጠፋል። ቀዝቃዛ ዘይት ቢሆን ኖሮ ማታ ምን አገባው?

የሥራ ካርዱን ከፋይሉ አውጥቼ አየሁት። በእኔ እጅ ጽሑፍ «ጠዋት፣ ሲቀዘቅዝ» ይላል። «ሲቀዘቅዝ» የሚለውን እርሳቸው አላሉም። «ማታ» የሚለው ደግሞ የለበትም።