ዳማ ከአልጋ ስር እስክትወጣ

ልጄ ኮሌጅ ከገባ በኋላ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዬ ጭር አለ። ድመት ላሳድግ ብዬ ወደ እንስሳት መጠለያ ሄድኩ። ያሰብኩት ትንሽዬ ግልገል ነበር። ጥግ ላይ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች የስድስት ዓመት ድመት አየሁ። ሰው ሲመጣ ስለምትደበቅ ለወራት የወሰዳት የለም አሉኝ። አንጀቴን በላችው። ፈርሜ ወሰድኳት። መልኳ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ ስለሆነ ዳማ አልኳት።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት "ምነው፣ ቤትሽ አይጥ አለ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት ድመት የምትኖረው ለአይጥ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ስጪያት ስላሉኝ የልጄን ክፍል ለቀቅኩላት። ምግቧን በአንዱ ጥግ፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ራቅ አድርጌ በሌላው ጥግ አስቀመጥኩ። ድመት ከምትጸዳዳበት አጠገብ መብላት አትወድም። እሷ ግን ገና ስትገባ አልጋ ስር ተወሸቀች። ቀን ድምጿ የለም። ጠዋት ሳየው ግን ሳህኑ ባዶ ነው።

በአራተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀ። እጄን አልጋ ስር ሰድጄ ልጎትታት ሞከርኩ። ቧጨረችኝ፤ እሱስ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን መብላት አቆመች። አንድ ቀን ሙሉ ምግቡን አልነካችም። ሐኪሟ ጋ ስደውል፣ ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሊጎዳት ይችላል፣ እስከ ጠዋት ካልቀመሰች ይዘሻት ነይ አለችኝ። ማታ የታሸገ ዓሣ ሽታው እንዲወጣ ለብ አድርጌ አስቀመጥኩላትና ወጣሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሳህኑ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ እሷ መሄድ ተውኩ። ነገሩን የቀየረው ይኸው ነው። የጠዋት ጸሎቴን እዚያው ክፍል፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማድረስ ጀመርኩ። አልጠራትም። ዓይን ለዓይን ከተጋጠምን ቀስ ብዬ እጨፍናለሁ፣ ቀስ ብዬ እገልጣለሁ። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው መልሰው እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ዳማ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የነጠላዬ ጫፍ ከበደኝ። በዓይኔ ጥግ ብቻ አየኋት። አንዱን የፊት እግሯን ነጠላው ላይ አሳርፋለች፤ የቀሩት ሦስቱ ለመሸሽ ተዘጋጅተው ወለሉ ላይ ናቸው። ትንፋሼን ዋጥኩ።

የቤቴ ልማድም ተቀይሯል። ወጥ አላቀምሳትም፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። ወተትም የለም፤ አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ሆዳቸውን ያውካቸዋል። ቡና አፍልቼ ዕጣን ሳጨስ የእሷን ክፍል በር እዘጋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ።

እናቴ አሁን ስትደውል ከእኔ ጤንነት በፊት "በላች ወይ?" ትለኛለች። የበሩ ደወል ሲጮህ ዳማ ዛሬም አልጋ ስር ትገባለች። እንግዶቼ "የታለች ድመትሽ? እስቲ አምጫት!" ይሉኛል። አላወጣትም።