ስለላ ፊልም ላይ ልቤን የሚሰቅለው
ዛሬ እረፍት ስለነበርኩ የስለላ ፊልም ሳይ ዋልኩ። እኔን የሚይዘኝ ተኩሱና የመኪና ማሳደዱ አይደለም፣ እሱማ የትኛውም አክሽን ላይ አለ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ አንዱ ሌላው እየዋሸ እንደሆነ ያውቃል፣ ያኛውም እንደተነቃበት ያውቃል፣ ግን ሁለቱም ፈገግ ብለው ይቀጥላሉ... እዛ ጋ ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው!

ደሞ ፈጠራ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልመሰጥም ነበር። ኪም ፊልቢን እዩት፣ የእንግሊዙ የውጭ ስለላ ድርጅት ኤምአይ6 ውስጥ የሶቪየት ስለላን የሚከታተለውን ክፍል ሲመራ የነበረ ሰውዬ ለካ እራሱ የሶቪየት ሰላይ ነው! በኋላ ፊልቢ ወደነበረበት ቤሩት ድረስ ሄዶ ያፋጠጠው ደሞ ኒኮላስ ኤሊየት የሚባል የስንት አመት ጓደኛው፣ አብሮት ሲበላ ሲጠጣ የኖረ የስራ ባልደረባው ነው። ፊልቢ ከዛ ብዙም ሳይቆይ በፈረንጆቹ 1963 ጠፍቶ ሞስኮ ገባ፣ እዛው ኖሮ በ1988 ሞተ።

እኔ ሁሌ የማስበው ስለ ኤሊየት ነው። አገር መከዳቱ አንድ ነገር ነው፣ ግን ያን ሁሉ አመት ሚስጥሩን ያካፈለው ሰው ማን እንደነበር ሲያውቅ ምን ተሰማው? ጎበዝ ደራሲ ይቺን ስሜት ከያዘልኝ ቦምቡ ባይፈነዳም ግድ የለኝም።